ሳትከሰኝ የላክሁባት ሽማግሌ

ትርንጎ መሞቷን የነገረችኝ ሂሩት ናት። ስልክ ደውላ፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳን ሳትለኝ፣ «ትርንጎ አረፈች» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እኔ ከሥራ ወጥቼ እዚሁ ሮም፣ ፒኜቶ ትራም ፌርማታ ላይ ቆሜ ነበር። አልዋሽም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። መጀመሪያ በሆዴ ያልኩት «እኔ ስሞት ማን እንዲህ ያለቅስልኛል?» ነው። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በቁሟ ስቀናባት ኖሬ በአንድ ስልክ እንዴት ልተወው?

አጭር፣ ጠይም፣ እጆቿ ከቁመቷ ጋር የማይመጣጠኑ ሴት ነበረች። በመልክ እኔ እበልጣታለሁ፤ ይህን የሚያውቀን ሁሉ ይመሰክራል። ግን አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ከገባን ሰው ወደ እሷ ነው የሚሄደው። ምን እንደምታደርጋቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብዙ አታወራም። ስትስቅ አፏን በክንዷ ትሸፍናለች። ዕቃ ስታገኝ ደግሞ በጥፍሯ ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ ድስት ይሁን፣ የበር እጀታ ይሁን፣ የአውቶቡስ ብረት ሳይቀር። «ይኼ ታሟል» ትላለች፤ ወይም «ይኼስ ገና ብዙ ይኖራል»። በሽቄ «ሐኪም ነሽ እንዴ?» ስላት፣ «ዕቃ ሲጠይቁት ይመልሳል ዘንዬ፤ ሰው ነው ዝም የሚለው» ትለኝ ነበር። ስሜ ዘነበች ነው። ዘንዬ የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሮም ገብቼ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ክረምቱን ከተማ፣ በጋውን ኦስቲያ፣ የባሕሩ ዳር ቤታቸው። የሲኞራ፣ የቤቱ እመቤት፣ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ሁለተኛ ሰው አስፈለገ። በዚያ ሰሞን ትርንጎን ቤተ ክርስቲያን ተዋውቄያት ነበር፤ የአንድ ወረዳ ልጆች ሆነን ተገኘን። ለሲኞራ የነገርኩላት ከደግነት አይምሰላችሁ። አሮጊቷን ማንሳት ወገቤን ስለፈጀው ነው።

ሁለት ሳምንት አልፈጀባትም። ሦስት ዓመት ሙሉ አልዘጋም ያለውን የመስኮት ብረት በኩሽና ቢላና በትንሽ ዘይት ዘጋችው። የቡና ማፍያውን እጀታ መለሰች። የአሮጊቷን ተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ፈታ ገጠመች። ሲኞራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ትሪንጎ ኡን ቴዞሮ» አለች፤ እንቁ ናት ማለቷ ነው። እኔ በስምንት ዓመት ያገኘሁት «ብራቫ»፣ ጎበዝ፣ ነው፤ እሱንም ውሻዋ ኳስ ይዛ ስትመለስ ትላታለች። ሁለታችንንም «አንቺ» እያሉ ይጠሩን የነበሩት አሮጊት ሳይቀሩ የትርንጎን ስም ለመዱ። የእኔን እስኪሞቱ አልለመዱም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኦስቲያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሲኞራን ቢላዎች በሙሉ በሲኒ ቂጥ ትስላለች። የምትወደው ሥራ ይመስል እያንጎራጎረች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«አባዬ ነዋ። አባቴ ባለእጅ ነው እኮ፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ይሠራል። አገሩ ሁሉ በአባዬ ማረሻ ነው የሚያርሰው። ቤታችን ገብቶ ውኃ የሚጠጣ ግን አልነበረም።» ቢላውን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ አየችው። «እናቴ ገበያ ስትሄድ ሕፃን ካየች ፊቷን ታዞር ነበር። አየችብን እንዳይሏት።»

በእኛ ወረዳ ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ቤተሰብ ባለእጅ ይባላል። አይጋቡትም፤ አብረውት አይበሉም። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ይሉታል። እኔ ይህን እየሰማሁ ያደግኩ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ያረሰበት ማረሻ የማን ሥራ እንደነበረ ያን ቀን አልታወሰኝም። የታወሰኝ ሌላ ነው። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ አይደል የተቀመጥኩት? በመጨረሻ የምበልጣት ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

እሷ «ለማንም እንዳትነግሪ» አላለችኝም። እንደዚያ ማለት የሚያስፈልግ አልመሰላትም።

በመስከረም ወደ ከተማ ተመለስን። ሂሩት ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ናት፤ ቢሮ ታጸዳለች። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ሁላችንም ተጠራን። ሕፃኑን ተቀብዬ አቀፍኩት፤ አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ። ትርንጎ ከእጄ ወሰደችው። ወዲያው ጸጥ አለ፤ ከሰዓቱን በሙሉ ደረቷ ላይ ተኛ። ሴቶቹ «እጇ ሙቀት አለው» እያሉ ከበቧት። እኔ ባዶ እጄን ይዤ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ቀን ሕፃኑን ትኩሳትና ትውከት ያዘው። ሆስፒታል ወሰዱት፤ የሆድ ቫይረስ ነው፣ ያልፋል ተባሉ። አለፈም። ግን ገና ሳያልፍ እሁድ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ኩሽና አምስት ሴቶች ሆነን ዕቃ እናጥባለን። ሂሩት ታለቅሳለች። ሌላዋ «ማን አይቶብሽ ይሆን?» አለቻት። ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ።

«ማን አቅፎት እንደዋለ አታስታውሱም? የባለእጅ ልጅ ናት እኮ። አገሯን አውቀዋለሁ።»

ይኼው ነው ያልኩት። ቡዳ የሚለውን ቃል እንኳን አልጨመርኩም፤ አያስፈልግም ነበር። አንዷ ቧንቧውን ዘጋች።

በሚቀጥለው እሁድ ትርንጎ እንደ ልማዷ ትልቅ ዳቦ ጋግራ መጣች። ሂሩት ገና ከሩቅ ስታያት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው። ሴቶቹ ሰላምታዋን ተቀበሉ፤ ጉንጫቸውን ግን አላስጠጉም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ተበልቶ አለቀ፤ የእሷ ዳቦ ሳይቆረስ ቀረ። መጨረሻ ላይ በጨርቁ መልሳ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋው በትራም ወደ ቤቷ ሄደች። አብሬያት ተሳፍሬ ነበር። «ዛሬ ሰው ጠግቧል» አለችኝ፤ እኔም «አዎ፣ ምግቡ በዝቶ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች።

ሥራ ላይ ግን በየቀኑ እንገናኛለን። አልተለወጠችብኝም። «ከአገር ሰሞኑን የመጣች ሴት ዘሬን አውርታ ነው» ብላ አንዴ ብቻ ነገረችኝ። እኔም «ሰው ክፉ ነው» አልኩ። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ።

ጭንቄ የተጀመረው ወር ያህል ቆይቶ ነው። ከሴቶቹ አንዷ «ትርንጎን ከአንድ ጠበቃ፣ ከአቮካቶ ቢሮ ስትወጣ አየኋት፤ የወረቀት ክምር ይዛለች። ዴኑንቻ አስገብታ ልትከስ ነው መሰለኝ። ማን ስሟን እንዳጠፋ ደርሳበታለች» አለችኝ። ያን ጊዜ ልጄ አገር ቤት እናቴ ዘንድ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ። የአራት ዓመት ልጅ እያለች ነው ትቻት የወጣሁት። ላመጣት ማመልከቻ አስገብቼ ኑላ ኦስታውን፣ ማለትም ትምጣ የሚለውን ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው። የራሴም ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ስሜ ፖሊስ ጣቢያ ከገባ ልጄ ቀረች ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ትርንጎንም ጭምር።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ሱኒታ የምትባል ሕንዳዊት ትኖር ነበር፤ ሽማግሌ ታስታምማለች። ግቢ ውስጥ ልብስ ስናሰጣ፣ የጓደኛዬ ጉዳይ አስመስዬ ነገሩን በጣልያንኛ አጫወትኳት፦ አንዲት ሴት ሌላዋን በዘሯ ተናገረች፣ ልትከሰስ ነው፣ ከመያዟ በፊት የምታደርገው ነገር ይኖራል ወይ? ሱኒታ የያዘችውን አንሶላ ቅርጫቱ ላይ መለሰችው።

«እኛ አገር አለ» አለችኝ። «ገና ሳትያዢ ፍርድ ቤት ትሄጂና፣ ብትያዢ በዋስ እንድትለቀቂ አስቀድሞ ትእዛዝ ይሰጥሻል። ለሌባ ይሰጣል። ለተደባደበም ይሰጣል። ሰውን በዘሩ፣ በሰው ፊት ላዋረደ ግን ሕጉ ይከለክላል። ክሱ ባዶ መሆኑ ገና ሲያዩት ካልታወቀ በስተቀር አይሰጥም።»

«አንቺ ይህን እንዴት አወቅሽ?»

«አባቴን አንድ ባለመሬት ገበያ መሀል በዘሩ ጠርቶ ሰደበው። አባቴ ከሰሰ። ሰውየው ሳይያዝ ወደ ዳኛ ሮጠ፤ ዳኛው ከለከለው። ታሰረ። ብዙም አልቆየም፣ በሳምንቱ በመደበኛው ዋስ ወጣ። ያቺን ሳምንት ግን አባቴ በገበያው መሀል ለመሀል ሄደ። ዕድሜውን ሁሉ በዳር ነበር የሚሄደው።» ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። «ጓደኛሽ አይደለችም አይደል? አንቺን ነው የሰደቡሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ አልኳት። አቀፈችኝ። እኔም ታቀፍኩ።

በማግስቱ ሲንዳካቶ፣ የሠራተኞች ማኅበሩ ቢሮ፣ ሄጄ እዚያ ለሚቀመጠው አቮካቶ ሁሉንም ነገርኩት። «በሰው ፊት» የሚለው ነገር ሌሊቱን ስላሳሰበኝ፣ አምስት ሴት፣ ያውም ቧንቧ ተከፍቶ፣ እንደ ሰው ፊት ይቆጠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ሲኞራ፣ እዚህ አገር ለእንዲህ ያለው ነገር ማንም መጥቶ አያስርዎትም። አስቀድሞ የሚወጣ ወረቀትም የለም። ክስ መኖሩንም አላወቅንም። አሎራ፣ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፤ ለማንም ምንም እንዳይናገሩ። ዝም ብለው ይጠብቁ። ቫ ቤኔ?»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ላክሁ።

ምን ላድርግ? ፈርቼ ዝም ማለት አልችልበትም። እኔ የማውቀው መንገድ ሰው ሳይከስሽ ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌ የላከ ሰው ጥፋቱን አምኗል ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ቀድማ ያወቀች መስሎኝ ነው። ጋሽ መኮንንን፣ ከአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡትን ሰው፣ እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኳቸው። እሳቸው ቄሳችንንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ጨምረው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቤታቸው ቀጠሩን።

እኔ ቀድሜ ደርሼ ጥግ ተቀምጫለሁ። ትርንጎ ገባች፤ ቄሱን ተሳለመች፤ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሳች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጥታ ሦስቴ ሳመችኝ። «ዘንዬ፣ አንቺንም ጠሩሽ? ተመስገን፣ ብቻዬን ፈርቼ ነበር» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነበር ተነስቼ መሮጥ የነበረብኝ።

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትርንጎ ልጄ፣ ዘነበች በአንቺ ላይ ያወራችው ነገር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ክሱን ከማስገባትሽ በፊት ግን እኛን አፍረሽ…»

«የምን ክስ ጋሼ?»

«አቮካቶ ዘንድ የሄድሽበት…»

«ለዜግነት ወረቀት ነው የሄድኩት።» ጋሽ መኮንንን፣ ቄሱን፣ ከዚያ እኔን አየች። «ምንድነው ያወራችው?»

መልስ አላስፈለጋትም፤ ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሁሉንም ሰው በየተራ ጠርጥሬአለሁ። አንቺን ብቻ ዘልዬ ነበር።»

እግሯ ላይ ወደቅኩ። በእነዚያ እጆቿ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ፤ አሮጊቷን ከአልጋ የምታነሳበት አነሳስ ነው፣ አውቀዋለሁ። «ምን ፈርተሽ ነው?» አለችኝ። ልጄ፣ ኑላ ኦስታው፣ ፔርሜሶዬ እያልኩ ተንተባተብኩ። ሰማችኝ። ከዚያ ጋሽ መኮንንን ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀቻቸው። ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በጣልያንኛ ጻፈች፦ ዘነበች ስለ እኔ ለተናገረችው ቃል ዛሬም ሆነ ወደፊት አልከስም። ፈረመች፤ ሦስቱን ሽማግሌዎች አስፈረመችና ሰጠችኝ።

«ይኸው። ልጅሽ ትምጣልሽ።»

ቄሱ ደስ ብሏቸው ተነሱ። «እሰይ! እንግዲህ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።»

«ይፍቱኝ አባ» አለች ትርንጎ። «የፈራችውን አንስቼላታለሁ። ይቅርታው ሌላ ነው። ዛሬ የመጣችው ክስ ፈርታ ነው፤ እኔን ብላ አይደለም። ልጇ ትግባላት፣ ወረቀቷ ይስተካከል። ምንም የሚያስፈራት ነገር የሌለ ቀን ብቻዋን ትምጣ። ያን ቀን ይቅር እላታለሁ። እርስዎም ምስክር ይሁኑኝ።»

ኮቷን ለብሳ ወጣች። ጋሽ መኮንን «ሴት ማለት!» አሉ። ሌላኛው ሽማግሌም «አቤት አስተዳደግ!» ሲሉ ጨመሩ። ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ልጄ ተርፋልኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አስተዳደጓ መመስገኑ እንደ እሾህ ወጋኝ። አስተዳደጓ እኮ የባለእጅ ቤት ነው!

አሮጊቷ እስኪሞቱ ሁለት ዓመት አንድ ኩሽና ውስጥ ሠራን። ለሲኞራ ምንም አልነገረቻትም። «ጨው አቀብዪኝ» ትለኛለች፤ አቀብላታለሁ። ዘነበች ነው የምትለኝ። ሂሩት ነገሩን ስትሰማ ሽማግሌ አልላከችም፤ ልጇን ይዛ ብቻዋን ትርንጎ ቤት ሄዳ፣ በር ላይ ምንም ሳትናገር ሕፃኑን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ተላቀሱ፤ ተሳሳሙ፤ ከዚያ በኋላ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ። ትርንጎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ዳቦዋ ሲቆረስ ሰው ይሻማበት ጀመር። ሂሩትን ባየኋት ቁጥር ያ ያገኘችው ነገር ፊቷ ላይ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ በዓመቱ ገባች። ትርንጎ በሂሩት እጅ የክረምት ካፖርት ላከችላት፤ ልክክ አለላት። ልጄን አይታት አታውቅም። «ከማን ነው?» ስትለኝ «ከአንዲት የሥራ ባልደረባ» አልኳት። ፔርሜሶዬ ታደሰ፤ ከዚያ ጊዜው የማያልቀውን ያዝኩ። አንድም የሚያስፈራኝ ነገር አልቀረም።

አልሄድኩም። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ በዛብኝ እል ነበር። ኋላ ላይ ግን ለራሴ መዋሸቱንም ተውኩት። ሄጄ ይቅር ካለችኝ ደግሞ በይቅርታም ልትበልጠኝ ነው። በሥራ በልጣኛለች፣ በሰው ፍቅር በልጣኛለች፣ በሽማግሌ ፊት በልጣኛለች። ይቺን ብቻ፣ እኔ ካልሄድኩ የማትፈጽማትን አንዲት ነገር፣ በእጄ ይዤ ቀረሁ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው በጋ የኦስቲያ ባቡር ውስጥ አገኘኋት። መታመሟን አላወቅኩም፤ ብቻ ከስታለች፣ ኮሌታዋ ሰፍቷታል። ባቡሩ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ከሰው መሀል አየችኝ። አጠገቧ ወንበሩ ላይ የነበረውን ቦርሳዋን አነሳችና ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ቦታውን በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ቀና ብላ ተመለከተችኝ።

ባቡሩ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። መውረጃዬ ገና አራት ፌርማታ ይቀረው ነበር። ወረድኩ።